ጥቆማ፦ ቅዳሜ በእግር የት ይኬዳል? ደሴና ኮምቦልቻ፣ ከነጫማው ከነባጃጁ

ከአዲስ አበባ ተቀይረሽ ኮምቦልቻ የገባሽው እህቴ፣ «ቅዳሜ ጠዋት በእግሬ ወጣ ብዬ አየር የምቀበልበት ቦታ ጠቁሙኝ፤ እናቴም ለበዓል ትመጣለች» ያልሽውን አየሁት። ሁሉም «ሐይቅ ሂጂ» ብሎ ተገላገለ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሐይቅን አልጠላም፣ ግን በየሳምንቱ የሚኬድበት አይደለም። የኔ ደንብ ዳገቱን በባጃጅ፣ ቁልቁለቱን በእግር ነው። ለመኪና ኮንትራት ልታወጪው ያሰብሽውን ብር ደግሞ ለጫማ አድርጊው።

ለኔ አንደኛው ጦሳ ተራራ ነው። ደሴ በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ይዘዋት መሀል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ጦሳ ላይ ስትወጪ ቆርቆሮ ጣራው ሁሉ ከእግርሽ ሥር ይዘረጋል። ከኮምቦልቻ በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፈሪ፣ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ሹራብ ያዢ። ደሴ ከኮምቦልቻ ወደ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ እዚያ በቲሸርት የተሳፈረ ሰው እዚህ ትከሻውን ሰብስቦ ነው የሚወርደው። ባጃጁን ስትነጋገሪ «መሄጃ ብቻ» በይው። «እጠብቅሻለሁ፣ ደርሶ መልስ ይሁን» ካለሽ እሺ አትበይ፤ ሰው እየጠበቀሽ በእግር መዝናናት የለም፣ ዓይንሽ ሰዓት ላይ ነው የሚውለው። መንገዱ እስከፈቀደለት ይውሰድሽ፣ ከዚያ በባሕር ዛፉ መሀል በዝግታ እየወረድሽ ነይ።

ጫማውን በተመለከተ የደረሰብኝን ልንገርሽ። አምና ከአንድ ሱቅ «ኦርጅናል ነው፣ ለተራራ የተሠራ» ተብሎ አዲስ ጫማ ገዛሁ። ዋጋውን ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም። ጦሳ ላይ፣ ጉም በወረደበት ጠዋት፣ የቀኝ እግሬ ጭቃ ውስጥ ገባና ሳወጣው ሶሉ ከፊት እንደ አዞ አፍ ተከፈተ። ካልሲዬ ይታያል! በጎቹን ይዞ የቆመ እረኛ ልጅ መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ ቀጥሎ ከማዳበሪያ ጆንያ ክር መዝዞ ጫማዬን ከላይ እስከ ታች ጠፍሮ አሰረልኝ። እንደዚያ እያነከስኩ ደሴ ፒያሳ ደረስኩ። ሊስትሮው ሶሉን ጫን ጫን አድርጎ አየና «ይሄ በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ ነው፣ ክር የሚባል አልነካውም» አለኝ። ዙሪያውን ሰፋልኝ፤ ይኸው እስካሁን አለ።

ስለዚህ አዲሱንና ልባሹን ካወዳደርን እኔ ልባሽ ተራ ነኝ። ሰው ተራምዶበት ያልተገነጠለ ሶል ፈተናውን አልፏል ማለት ነው። ስትገዢ እጠፊው፤ ከጣቶቹ ሥር መታጠፍ አለበት፣ መሀሉ ላይ ከታጠፈ ተይው። የታችኛው ጥርስ ያላለቀ ይሁን። ከዚያ ቀጥ ብለሽ ወደ ሊስትሮ ሂጂና አሰፊው። አዲስ ካልሆነ አልገዛም ካልሽም ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት አሰፊው።

ዣንጥላ ወይስ የላስቲክ የዝናብ ልብስ? ከተማ ውስጥ ዣንጥላ፣ ለፀሐይም ይሆናል። ጦሳ ላይ ግን ነፋሱ ይገለብጠዋል፣ ላስቲኩ ይሻላል። ውሃ በኮዳ፣ ስንቅ ቆሎ። አለቀ።

ለእናትሽ ቦሩ ሜዳን እመርጣለሁ። ከደሴ በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስሙ እንደሚለው ሜዳ ነው፣ ጉልበት አይፈትንም። በ1870 አፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ቦታ ስለሆነ ታሪክ ለሚወዱ እናት ወሬም አይጠፋም። ጋቢያቸውን እንዳይረሱ። ሲመለሱ ደግሞ ደሴ ያለውን አይጠየፍን አሳዪያቸው፤ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አዳራሽ ነው። ሀብታም ደሃ አይጠየፍም ለማለት ነው ስሙ የወጣለት፤ ለኔ ከዚህ የበለጠ የወሎን ጠባይ የሚናገር ስም የለም።

ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ከኮምቦልቻ ስትነሺ ሙሉ ቀን ያዢለት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አሳ በልቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ መመለሱ ነው። ዳር ዳሩን ካልተራመድሽ የትራንስፖርቱን አያወጣም። ሌላው ማንም የማይነግርሽ፦ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት እስጢፋኖስ ገዳም የወንዶች ነው፣ ሴት አይገባም። እኔ ወንድሜን ልኬ ውሃው ዳር ቁጭ ብዬ ነው የጠበቅሁት፤ ሲወጣ ያየውን ለመንገር ግማሽ ሰዓት ኮራብኝ። እናትሽ ለመሳለም ተዘጋጅተው እንዳይመጡ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ለዋና ደግሞ አትግቢ፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው።

አንቺ ሰፈር፣ ኮምቦልቻ፣ ያለው የጎፍ ደን ነው። ጥዱ ውስጥ ያለው ጥላ ጦሳ ላይ የለም፤ በግንቦት ሙቀት ከጦሳም ላስቀድመው እችላለሁ። ግን ብቻሽን አትግቢ። ከመነሣትሽ በፊት የሰሞኑን ሁኔታ የአካባቢውን ሰው ጠይቂ፣ መንገድ የሚያሳይሽ የሰፈር ልጅ ያዢ፣ ሒሳቡንም ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። በመጨረሻ «የፈለግሽውን ስጪኝ» የሚለው ነገር ሁለታችሁንም ነው የሚያኳርፈው።

አንድ ሰው «ሐረጎን ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ በእግር ውረጂው» ብሎ ጽፎልሻል። ወንድሜ፣ ቁልቁለት እወዳለሁ፣ ይሄን ግን አልመክርም። ጠመዝማዛ አስፋልት ነው፣ ከባድ መኪናው እየነፋ ይወርዳል፣ እግረኛ ገለል የሚልበት ቦታ ይጠባል። ሐረጎን ከሚኒባስ መስኮት እዪው፤ ጋቢና ከተገኘ ጋቢና።

የፊታችን ቅዳሜ ዝናብ ካልያዘን ጦሳ ነን፣ እኔና ሁለት ጓደኞቼ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፒያሳ። ጫማሽን አሰፍተሽ ነይ።