ወሬው እግር ይኑረው፦ የክረምት ምሽት ወጋችን ዕቅድ

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሱባ ጫካ ምሳ በልተን ስንጋደም የተነሳውን ሐሳብ ወደ ወረቀት ላምጣው ብዬ ነው። ክረምት ሲገባ የእግር ጉዞ ክበባችን ይተኛል። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ጭቃው አያስወጣም፤ እንጦጦ እንኳ ያንሸራትታል። መስከረም ላይ ስንገናኝ ግማሹ አባል መዋጮ አቁሟል፣ የቀረው ሆዱ ወጥቷል። ስለዚህ በክረምት ማታ ማታ እየተሰበሰብን የጉዞ ወግ እንስማ ነው ነገሩ። ለሥራ አመራር ኮሚቴው በጋራ የምናቀርበው ፕሮፖዛል በግንቦት መጨረሻ መግባት አለበት። የመጀመሪያው ረቂቄ ይኸው፦

በየሳምንቱ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ በጠቅላላው 10 ምሽት። ተናጋሪዎቹ ሩቅ አገር የሄዱና ትልልቅ ተራራ የወጡ ሰዎች። ኪሊማንጃሮ የወጣ አንድ ሰው አግኝቻለሁ። መግቢያ ነጻ። ቡና በክበቡ።

እንግዲህ ቅደዱት።

ገንዘብ ያዡ፦
ልቅደደው። 10 ምሽት ብዙ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ምሽቶች አዳራሹ ይሞላል፣ ከዚያ እኔና አንቺ ተፋጠን እንቀመጣለን። አምስት ይሁን፣ በየ15 ቀኑ። «ቡና በክበቡ» ደግሞ ሲጻፍ ቀላል ነው፤ የስኳር ዋጋ ግን አይጻፍም። አባላት በነጻ ይግቡ፣ እንግዳ 100 ብር ይክፈል። ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል በኋላ እንነጋገራለን፣ በእሱ ላይ አንድ ሐሳብ አለኝ።

ወጣቷ አባል፦
ሰዓቱን ማን ነው የጻፈው? በሐምሌ ዝናብ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ሜክሲኮ ቆሞ ታክሲ የጠበቀ ሰው እንዲህ አይጽፍም። እኔ የምኖረው አያት ነው። እቤት 4 ሰዓት ተኩል ከገባሁ በሁለተኛው ሐሙስ አልመጣም፣ እናቴም አትለቀኝም። ከሥራ ቀጥታ እንምጣ። 11 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ያብቃ። ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ አባላት ራይድ እየተጋሩ ይሂዱ፤ መኪና ያላችሁም ታውቁናላችሁ።

ጸሐፊዋ፦
ልክ ነሽ እህቴ፣ የጻፍኩት መኪና ባለው ሰው አእምሮ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ብዬ አስተካክያለሁ። አምስት ምሽትም ይሁን። ኪሊማንጃሮውስ?

አንጋፋው አባል፦
ልጆቼ፣ በኪሊማንጃሮው ላይ አንድ ነገር ልበል። 5,895 ሜትር ነው፤ የወጣውን ሰው እናክብረው። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ወግ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ የአውሮፕላን ማረፊያ ፎቶ አለ። ከዚያ ድንኳን፣ ከዚያ ባንዲራ ይዞ አናት ላይ። ጭብጨባ፣ ቡና፣ ወደ ቤት። ከዚያ ወግ ለራሴ ጉዞ የወሰድኩት ነገር አልነበረም።

እኔ የማልረሳው ሳንመለስ የቀረን የመሰለኝን ጉዞ ነው። ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ አራት ሆነን ባሌ ሄድን። ጎባ አንድ ሌሊት አደርን። በማግስቱ ጠዋት በመኪና ወደ ሳነቴ አምባ ወጣን። ጎባ 2,700 ሜትር ግድም ነው፤ ሳነቴ ከ4,000 በላይ። ከመኪና ወርደን ወደ ቱሉ ዲምቱ በእግር ተነሳን፤ እሱ 4,377 ነው። ቀይ ቀበሮ ሁለት ጊዜ አየን፣ ደስታችን ልክ አልነበረውም። በዓለም ላይ 500 እንኳ አይሞሉም የሚባሉት፣ አብዛኞቹም እዚያው ባሌ ያሉት፣ እኛ ፊት ለፊት አይጥ ሲያድኑ!

ከዚያ አንዱ ጓደኛችን መንገዳገድ ጀመረ። ጠዋት ራሴን አመመኝ ብሎ ነበር፣ አልሰማነውም። አሁን እግሩ እየተጠላለፈ ነው። እኛስ ምን አደረግን? ሳቅንበት። «ጎባ ላይ ጠላ አብዝተህ ነው» አልነው። ቁርስ በዳቦና በሻይ ነበር የበላነው፣ ጠላ ከየት ይምጣ። ማስመለስ ሲጀምር ነው የነቃነው። ደግፈን ወደ መኪናው መለስነውና ቁልቁል ጎባ። ማታ ላይ ደኅና ሆኖ ሽሮ ጠየቀ።

አናቱን አላየነውም። ከወጣኋቸው ተራሮች ሁሉ ግን ያን ያልወጣሁትን ባወራ ለእናንተ የሚጠቅማችሁ ይመስለኛል። ስለዚህ አንዱ ምሽት «ያልደረስንበት» ይባል። ከመንገድ የተመለሱ ሰዎች ብቻ ያውሩ።

ነርሷ አባል፦
ጋሼ፣ ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩንም? ላስፈራዎት አይደለም፣ ግን ጓደኛዎ የተረፈው ስላወረዳችሁት ነው። ከፍታ ላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ብዙ ሰው ያገኘዋል። መንገዳገድ ግን ሌላ ነው። አንጎል እያበጠ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። መፍትሔው መውረድ ነው፣ ያኔውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን። «ትንሽ ይረፍና እናያለን» አይባልም።

ቀላል መፈተኛ አለው፤ ያን ምሽት አዳራሹ ውስጥ ሁላችሁንም አሠራችኋለሁ። አንዱን እግር ከሌላው ፊት፣ ተረከዝ ከጣት እያገናኙ በቀጥታ መስመር መራመድ። ያልቻለ ሰው ይወርዳል። ደግሞ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ላይ ስለምንኖር ከፍታ አይነካንም የሚል ወሬ በክበባችን ውስጥ ይዞራል። ትንሽ ይረዳል እንጂ አያድንም። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበትን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ነው የሚመከረው። የጋሼ ቡድን በአንድ ጠዋት ስንት እንደጨመረ ራሳችሁ አስሉት። ያደሩት ታች ጎባ ነው ትሉ ይሆናል። ቢሆንም ሰውነት ጊዜ አልተሰጠውም።

እሳቸው ይተርኩ፣ እኔ 15 ደቂቃ ልጨምር። አንድ ምሽት ሞላ።

የጉዞ አስተባባሪው፦
ይህ ምሽት ተይዟል በሉት። እኔ ደግሞ የምለው፣ ወሬው እግር ይኑረው። ሐምሌ ላይ ስለ አንድ ቦታ ከሰማን፣ ከመስቀል በኋላ ወደዚያው እንሂድ። አለበለዚያ ቴሌቪዥን ማየት ነው።

ከዚህ የሚነሱ ሦስት ቦታዎች አስቤያለሁ። ወንጪ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሏታል፤ ብዙዎቻችሁ ስለምታውቋት አልዘረዝርም። ዝቋላ ሁለተኛው። ተራራውን ለስፖርት የሚወጣ ሰውና አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሊሳለም የሚወጣ ሰው አንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። የእኛ ልጆች ባለፈው ሐይቁ ዳር በቁምጣ ሲንጎራደዱ አንድ አባት የገሠጹን ትዝ ይላችኋል። ትክክል ነበሩ። ገዳም ስንገባ እንዴት እንደምንሆን ከአባላቱ መካከል የሚያውቅ ሰው ያስተምረን።

ሦስተኛው መንዝ ጓሳ ነው፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ የሣር አገር። ጭላዳ ዝንጀሮ አለ፣ ቀይ ቀበሮ አለ። የሚገርመው ግን እንስሳው አይደለም። የአካባቢው ሰው ሣሩን ከ400 ዓመት በላይ በራሱ ደንብ ሲጠብቅ ኖሯል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይገባም። ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ለቤት ክዳኑም ለገመዱም ይታጨዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈርሶ ነበር፤ በኋላ ሰዎቹ በሌላ መልክ መልሰው አቆሙት። እኛ ለአንድ የቡድን መዋጮ ስንጨቃጨቅ ዓመት ያልፋል! ይህን ከአገሩ ሰው አፍ መስማት አለብን።

ወጣቷ አባል፦
አጎቴ የመንዝ ሰው ናቸው። ለዓይን ሕክምና በየክረምቱ እኛ ቤት ይመጣሉ። ሣሩ ሲከፈት በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር መሄዳቸውን ያወራሉ። ግን ማይክ ፊት ቁሙ ብትሏቸው አይቆሙም። መሐል ላይ ወንበር ይሰጣቸው፣ እኛ ዙሪያቸውን እንቀመጥ። ቡና ከተፈላ እሳቸውን ማስቆም ነው የሚቸግረው።

ጸሐፊዋ፦
እንዲያውም ሁሉም ምሽት እንዲህ ይሁን። መድረክ ይቅር። ፕሮጀክተርም ከ20 ፎቶ በላይ አያሳይ። ሁለት መቶ ፎቶ ያሳየን ወንድማችን ይቅር ይበለኝ።

ገንዘብ ያዡ፦
ፕሮጀክተሩ ይቅር ብትሉ ከሁሉ በላይ የምደሰተው እኔ ነኝ። መብራት ከጠፋም ወጉ ይቀጥላል።

አሁን ያቆየሁት ሐሳብ። ከእንግዶች የሚሰበሰበው ገንዘብ ለተናጋሪ ይከፈል። ለእኛ ሰው አይደለም፤ እኛ ስናወራ ሊከፍሉን አይገባም፣ እንዲያውም ሊያስከፍሉን ይገባል። ለአስጎብኚ፣ ለስካውት (ለፓርክ ጠባቂ)፣ ለበቅሎ ነጂ ግን ይከፈል። ሰሜን ተራሮች ስንሄድ ዕቃችንን የተሸከመው፣ የሚቀጥለውን ውኃ የት እንደምናገኝ ያወቀው፣ ምግቡን የሠራው ማን ነው? እዚህ መጥተን ግን «ወጣሁ» የምንለው እኛ ነን።

አንጋፋው አባል፦
ተባረክ። ይህን ከገንዘብ ያዥ አልጠበቅሁም።

የጉዞ አስተባባሪው፦
አልቃወምም፣ ግን በክረምት ከሰሜን ተራሮች መግቢያ ከደባርቅ ሰው ማስመጣት ቀላል አይደለም። ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ የመንገዱም ሁኔታ አለ። 100 ብር ከ20 እንግዳ ብንሰበስብ 2,000 ነው። የት ይደርሳል?

ገንዘብ ያዡ፦
አናስመጣም። ለራሱ ጉዳይ አዲስ አበባ ሲመጣ እንይዘዋለን። እዚህ የሚሠሩ የቀድሞ አስጎብኚዎችም አሉ። ካልሆነ በስልክ፣ በድምፅ ማጉያ። ክፍያው ግን በስልክም ቢሆን ይከፈል።

ወጣቷ አባል፦
እኔ ስለ ሰሜን የምሰማው ሌላ ነገር እፈልጋለሁ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገባ፣ በ2017 ወጣ። ይህን ሁላችንም እናወራለን፣ ዋልያም ከዚያ ሌላ በዱር የትም እንደሌለ። ከዝርዝሩ ለመውጣት ከተደረጉት ነገሮች አንዱ ግን የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ መስፈራቸው ነው። እኛ ግጭ ድንኳን የምንተክልበት ሜዳ የሰው ደጅ ነበር። እዚያ ተወልዶ ያደገ አንድ ሰው ቢያወራን? ደስ የሚል ወግ ላይሆን ይችላል።

ጸሐፊዋ፦
ይህ ይግባ። ኮሚቴው ውስጥ «ፖለቲካ ነው» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፣ እኔ እመልስለታለሁ። መንደር ስለነበረው ቦታ መስማት ፖለቲካ ከሆነ ድንኳን መትከሉም ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለኝ፦ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ሳይፈልጉ እንዳይቀረጹ።

ቨርጂኒያ ያለው አባል፦
እኔንም አስገቡኝ እንጂ። የእናንተ 11 ሰዓት ተኩል የእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ነው፣ ሐሙስ ሥራ ላይ ብሆንም ጆሮዬ ነጻ ነው። እዚህ የአበሻ ልጆች ተሰብስበን ሸናንዶዋ ፓርክ እንሄዳለን። አትሳቁ፣ የፓርኩ ከፍተኛ ቦታ 1,235 ሜትር ነው። ቦሌ ቆማችሁ ትበልጡታላችሁ። ግን አንድ ነገር ተምሬበታለሁ። የያዝከውን ቆሻሻ ሁሉ፣ የብርቱካን ልጣጭ ሳይቀር፣ በቦርሳህ ይዘህ ትወርዳለህ። መጀመሪያ ልጣጭ አፈር ይሆናል ብዬ ተከራክሬ ነበር። ድብ በምግብ ሽታ ከለመደ ሰውን መቅረብ ይጀምራል አሉኝ። ጭላዳስ ቢሆን? ሰሜን ተራሮች ውስጥ ሳንካበር ላይ ዳቦ የሚወረውሩ ሰዎችን በዓይኔ አይቻለሁ። አስር ደቂቃ ስጡኝ፣ ከዚያ በላይ አልጠይቅም።

ጸሐፊዋ፦
አስር ደቂቃ ተሰጥቶሃል፣ አስራ አንድ ካደረግኸው መስመሩን እቆርጠዋለሁ። ለኮሚቴው የሚሄደው እንዲህ ሆኗል፤ የምትጨምሩት ካለ እስከ እሑድ፦

«ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ጳጉሜን፣ በየ15 ቀኑ ሐሙስ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ አምስት የወግ ምሽቶች እንዲካሄዱ እንጠይቃለን። አንደኛው፦ ያልደረስንበት፤ ከመንገድ የተመለሱ ሰዎችና የከፍታ ሕመም። ሁለተኛው፦ የጓሳ ሣርና ጠባቂዎቹ። ሦስተኛው፦ ዝቋላና ወንጪ፤ በእምነት ቦታና በሰው ቀዬ እንዴት እንደምንሄድ። አራተኛው፦ ግጭ መንደር በነበረ ጊዜ። አምስተኛው፦ ከመስቀል በኋላ የት እንደምንሄድ በአባላት የሚወሰንበት፣ ከሸናንዶዋም አጭር ወግ። በፍልሰታ የሚውለው ምሽት ከቡና ጋር ቆሎና የጾም ዳቦ ይቀርብበታል። ከኮሚቴው የምንፈልገው አዳራሹን፣ 40 ወንበርና የቡና ወጪ ብቻ ነው። ከእንግዶች የሚሰበሰበው ገንዘብ ከክበቡ ውጭ ለሚጋበዙ ተናጋሪዎች ይከፈላል።»

ኪሊማንጃሮ የወጣውን ሰው ደውዬ ጠይቄዋለሁ። መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። በኋላ ግን በመጀመሪያው ሙከራው ከአናቱ ሳይደርስ መመለሱን ነገረኝ። አንደኛው ምሽት ላይ አስገብቼዋለሁ።

ነርሷ አባል፦
«አርባ ወንበር» ከሚለው ቀጥሎ «ወለሉ ላይ የአሥር እርምጃ ክፍት ቦታ» ብለሽ ጨምሪ። ተረከዝ ከጣት የምናገናኝበት።

አንጋፋው አባል፦
እኔም ለዚያ ለተንገዳገደው ጓደኛችን ደወልኩ። ቢሾፍቱ ነው ያለው፣ እመጣለሁ ብሏል። የእሱን ወገን ታሪክ ራሱ ይናገራል፣ እኛ መሳቃችንንም ጭምር። መርሐ ግብሩ ላይ ግን «ጠላ» የሚል ቃል እንዳይጻፍ ብሏል፤ ሚስቱ እስከ ዛሬ አላመነችውም።