እማዬ አብሽና ሽፈራው እንደምትጠጣ ለሐኪሟ እንዴት ይነገር?

የእማዬ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነን። እማዬ ስኳር አለባት፤ ሜትፎርሚንና ግሊበንክላሚድ ትወስዳለች። ማታ የዘፈዘፈችውን አብሽ ደግሞ ጠዋት በባዶ ሆዷ ትጠጣለች፤ ማታ ማታ ሽፈራው ታፈላለች። በጾም ቀን ክኒኗን ውጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም። ሰሞኑን ረፋድ ላይ ላብ ያጠምቃታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል።

ሐኪሙ «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ እናቴ?» ሲላት «ኧረ የለም» ትላለች። አንዲት እናት በጸበል ምክንያት ሲዘለፉ ሰምታ ፈርታለች። አብሹን አልጠላሁትም፤ ያደግንበት ነው። ግን ሰውየው ሳያውቅ መድኃኒት ቢጨምርባትስ? ከጀርባዋ ልንገረው?

ነርስ ነኝ፦
እህቴ፣ ያንን ላብ አትናቂው። ግሊበንክላሚድ ብትበላም ባትበላም ስኳሯን ያወርዳል። አብሽና ሽፈራውም የማውረድ ጠባይ አላቸው፤ ጾሙ ሲጨመርበት አስቢው። ሲያልባት ለኪያት፤ ከ70 በታች ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ አጠጫት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሰሽ ለኪያት፣ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ስኳሩን ድገሚላት። መለኪያ ከሌለ ሳትለኪም ስጫት። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም እንዳትሰጪ፣ በቀጥታ ሆስፒታል።

ቀጠሮ አትጠብቁ። ቅጠሉንም የምትሰፍርበትን ማንኪያም በፌስታል ያዙ፤ «ትንሽ ነው» ሲሉን ምን ያህል እንደሆነ አይገባንም። የሚቆጣ ሐኪም አለ፣ አልክድም። በጣም ያናድደኛል፤ ሰው የሚደብቀን በዚያ ነው።

አባ ሱሉልታ፦
ልጄ፣ እኔ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ጸበል ስገባ እስከ ቀትር እንደማልቀምስ ለሐኪሜ ስነግረው የመርፌዬን ሰዓትና መጠን አስተካከለልኝ። ከጀርባዋ አትሂጂ፣ ታዝንብሻለች። «እኔ ልጀምርልሽ፣ አንቺ ጨርሺው» በያት።

የእማዬ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ አባባ። ዛሬ ሲያልባት ለካኋት፣ 62! ስኳሩን ጠጥታ ተሻላት። ቁጥሩን አይታ እሷው ደነገጠች፤ ቅጠሉን ራሷ ፌስታል ውስጥ ከታ «ከተቆጣ አንቺ ነሽ የምትመልሺለት» አለችኝ። ነገ በጠዋት እንሄዳለን። እስከዚያ አብሹን ትተወው?

ነርስ ነኝ፦
ትተወው፣ ሽፈራውንም። ዛሬ ምግብ እንዳትዘል። የማታውን ክኒን ከመዋጧ በፊት ደግሞ ክሊኒኩ ደውለሽ 62 እንደነበረች ንገሪያቸው፤ ትዋጠው አትዋጠው እነሱ ይወስኑ።