ካዋጎኤን ለማየት የግል አስጎብኚ መቅጠር ያዋጣል? (ጥያቄና መልስ)

ሕይወት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ለሦስት ወር ሥልጠና ቶኪዮ ይገኛል፤ በመጋቢት አጋማሽ እኔና እናቴ ልንጠይቀው እንሄዳለን። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ ተቀምጣ መዋል ግን አትወድም። ከአሁኑ «ፎቅማ አዲስ አበባም ሞልቷል፤ እኔን አሮጌ ነገር አሳዩኝ» ብላናለች። የባለቤቴ ባልደረቦች ካዋጎኤ የምትባል ከተማ ጠቆሙን። ከቶኪዮ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ትርቃለች፤ የድሮ ነጋዴዎች ቤቶች እስካሁን ቆመውባታል።

በእንግሊዝኛ የሚያስረዳ የግል አስጎብኚ አግኝተናል፤ አራት ሰዓት በእግር ያዞረናል። የጠየቀው ገንዘብ ግን የሦስታችንን የሁለት ቀን ምግብ ይሸፍናል። ያዋጣል ትላላችሁ ወይስ ካርታ ይዘን ራሳችን እንዙር? ደግሞ ጊዜው ሁዳዴ ነው፣ እናቴ ጾሟን አትገድፍም። የጣዖት ቤት ወስዶ «ግቡ» ቢላትም እንደምትቆጣ አውቃለሁ። የሄዳችሁ ሰዎች እባካችሁ ምከሩኝ።

የካትሱሺካው

እህቴ ሕይወት፣ እኔ የምኖረው ቶኪዮ ውስጥ ካትሱሺካ ነው፤ ብዙ የአገራችን ሰዎች ያሉበት ሰፈር። ካዋጎኤ አራት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አንድ ጊዜም አስጎብኚ ከፍዬ አላውቅም። ከኢኬቡኩሮ ጣቢያ የቶቡ ቶጆ መስመርን ፈጣን ባቡር ያዙ፤ በ30 ደቂቃ ገደማ ካዋጎኤ ትደርሳላችሁ። ከሺንጁኩ የሚነሣው የሴይቡ መስመር ጊዜ ይፈጃል፤ ሆኖም የሚያወርዳችሁ ሆን ካዋጎኤ በሚባለው ጣቢያ ነው፣ እርሱ ደግሞ ለአሮጌው መንደር ይቀርባል። ለእናትሽ ጉልበት ሲባል ይኸኛው ሳይሻል አይቀርም። አሮጌውን ሰፈር የሚዞር አውቶቡስም አለ፣ የቀን ትኬት ይሸጣሉ።

ዋናው መንገድ ኢቺባንጋይ ይባላል። ጥቁሮቹ የነጋዴ ቤቶች በግራም በቀኝም ተሰልፈዋል፤ የሰዓቱ ደወል ማማ እዚያው አጠገብ ነው፤ የከረሜላ ሰፈሩም አምስት ደቂቃ አይርቅም። ይህን ለማግኘት ሰው መቅጠር ምን ይባላል? ሁለት ነገር ብቻ ጠብቁ። ሰኞ አትሂዱ፤ የድሮው የካዋጎኤ ቤተ መንግሥት ቅሪትና የከተማዋ ሙዚየም ሰኞ ዝግ ናቸው። ከሰዓት በኋላም አታርፍዱ፤ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ሱቆቹ መዝጊያቸውን ያወርዳሉ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሕዝቡ አያስኬድም። መኪናም በዚያው ጠባብ መንገድ ስለሚያልፍ እናትሽን ክንዳቸውን ይዘሽ ሂጂ።

የላስታው ልጅ

ላሊበላ ላይ አሥራ አንድ ዓመት እንግዳ ያዞርኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ለሙያዬ ባደላ አትፍረዱብኝ። ካዋጎኤን አላየሁም። ግን ወንድሜ የካትሱሺካው ያለው መንገድ ማግኘትን ነው። መንገድ ለማግኘትማ ስልክ ይበቃል። ቤተ ጊዮርጊስን ብቻውን የሚያይ ሰው ከላይ ሆኖ ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል፤ የዝናቡ ውኃ በየት በኩል እንዲወርድ እንደተፈለፈለ ሳያይ። አስጎብኚ የሚከፈለው ለዚህ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ግን መርምሩት። ጃፓን ውስጥ እስከ 2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ በውጭ ቋንቋ በክፍያ ለማስጎብኘት የመንግሥት ፈተና ማለፍ ግዴታ ነበር። አሁን ማንም ማስጎብኘት ይችላል፤ «ብሔራዊ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ» የሚለውን ስም መያዝ የሚችሉት ግን ያለፉት ብቻ ናቸው። ፈቃድ አለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ፈቃድ የሌላቸው ጎበዞች እንዳሉም እገምታለሁ፣ በእኛም አገር አሉ። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ጻፉለት፦ «እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ መንገዱን እንዴት ታስተካክልልናለህ?» የት የት ወንበር እንዳለ፣ የት አውቶቡስ እንደምትይዙ፣ የቱን እንደሚቀንስ ከነገራችሁ ቅጠሩት። «ችግር የለም፣ ሁሉም ይቻላል» ካለ ተዉት።

ገንዘቡ ከከበዳችሁም በጃፓን በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚዎች ብዙ ናቸው። ለአገልግሎቱ አይከፈላቸውም፤ የእነርሱን መጓጓዣ፣ መግቢያና ምሳ እናንተ ትሸፍናላችሁ። ቀድሞ ማመልከት ያስፈልጋል፣ በሁለት ቀን አይገኙም።

ቡናማው

በሌላ የጃፓን ከተማ የደረሰብኝን ልንገርሽ። አስጎብኚው በሦስት ሰዓት ውስጥ አምስት ሱቅ አስገባን፤ በየሱቁ ባለቤቱ ስሙን ጠርቶ ይቀበለዋል። ታሪክ ብለን የሰማነው የሻይ ዋጋ ነው። አስቀድመሽ «ለገበያ አልመጣንም» በይው።

ትርሲት

እኔ ካዋጎኤን ከአስጎብኚ ጋር ነው ያየኋት፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ግን እስካሁን አወራዋለሁ። በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። ከጣቢያ ተቀብለው በቀጥታ ወደ አንድ ቤት ወሰዱንና «ሌላውን ሁሉ ከማየታችሁ በፊት ይህን እዩ» አሉን። የኦሳዋ ቤተሰብ ቤት ይባላል፤ በ1792 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1893 ከተማዋ ተቃጠለች። ከ1,300 በላይ ቤቶች ነደዱ፤ ከከተማዋ ከሲሶ በላይ ማለት ነው። አመዱ መሐል ይህ ቤት ቆሞ ተገኘ። ነጋዴዎቹ ምክንያቱን ለማወቅ ሊቅ አላስፈለጋቸውም፤ ግድግዳው ወፍራም ጭቃ ነበር። ስለዚህ የተቃጠለባቸው ሁሉ እርሱን እያዩ ሠሩ። አሁን የጥንት የሚመስለው መንገድ አብዛኛው ከእሳቱ በኋላ የተሠራ ነው፤ ይህን ካልነገሩሽ አታውቂውም። በቶኪዮ ጡብ ፋሽን በሆነበት ዘመን እነዚህ ወደ ጭቃ ተመለሱ።

ግድግዳውን በቅርብ እዩት። ውስጡ የቀርከሃ ማገር ነው፤ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ በላይ በላዩ ይመረግበታል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይመረጋል። መጨረሻ ላይ ኖራና ጥላሸት የተቀላቀለበት ጥቁር ልስን ይለሰናል። የመስኮቱ መዝጊያ ጠርዙ ደረጃ ደረጃ አለው፤ ሲዘጋ እንደ ካዝና በር ይገጥማል። እሳት ሲመጣ በቀረው ስንጥቅ ላይ እርጥብ ጭቃ ይለቀልቁበታል፤ ለዚህ የሚሆን ጭቃ ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ ነበር። ሕይወት፣ እናትሽ የጭቃ ቤት ሲመረግ አይተው ያደጉ ከሆነ ከማናችንም በላይ ይገባቸዋል።

ከዚያ ወደ ደወሉ ማማ ሄድን። ባለ ሦስት ደርብ እንጨት ነው፤ ቁመቱ 16 ሜትር ያህል። እርሱም በዚያው እሳት ነድዶ በማግሥቱ ዓመት ነው እንደገና የተሠራው። በቀን አራት ጊዜ ይደወላል፤ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ከሰዓት 9 እና ምሽት 12። የእኛ ሰዓት ከንጋት እንደሚቆጠር ስነግራቸው ሴትዮዋ ቆም አሉ። በድሮው የጃፓን አቆጣጠርም ቀኑ ከንጋት እስከ ምሽት በስድስት፣ ሌሊቱም በስድስት ይከፈል ነበር አሉኝ። ቀኑ ሲረዝም የቀኑ ሰዓትም ይረዝማል። (በነገራችን ላይ የቀጠሮ ሰዓት ስትጻጻፉ «ጠዋት 9» ብለው ቢጽፉላችሁ የእኛ 3 ሰዓት መሆኑን አትርሱ። እኔ ልረሳ ደርሼ ነበር።)

ሌላው በእግሬ ብቻዬን ብሄድ የማላገኘው የስኳር ድንቹ ነገር ነው። ከተማዋ በስኳር ድንች ታውቃለች፤ ድሮ በሺንጋሺ ወንዝ በጀልባ ተጭኖ ወደ ኤዶ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ቶኪዮ፣ ይወርድ ነበር። በየሱቁ በር ላይ 13 የሚል ቁጥር ትመለከቻለሽ። ቅኔ ነው! ሪ የሚባል የርቀት መለኪያ አላቸው፣ አንዱ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ። «ኩሪ» ሲሉ ዘጠኝ ሪ ማለት ነው፤ ተጠብሶ የሚበላ የዛፍ ፍሬም ስሙ ኩሪ ነው። «ዮሪ» አራት ሪ ነው፤ «ከዚህ ይልቅ» ማለትም ነው። ስለዚህ «ኩሪ ዮሪ» ሰሙ ዘጠኝና አራት ሪ፣ ወርቁ «ከኩሪ ይልቅ የሚጣፍጥ»። ዘጠኝና አራት አሥራ ሦስት፤ ከኤዶ እስከ ካዋጎኤ ያለው መንገድም አሥራ ሦስት ሪ ይባላል። ሴትዮዋ ሲተረጉሙልኝ እኔ ሰምና ወርቅ ምን እንደሆነ ላስረዳቸው ሃያ ደቂቃ ፈጀሁ። የከፈልነው ገንዘብ እዚያ ላይ ተመለሰልኝ።

የካትሱሺካው

አራት ጊዜ ሄጄ ያ 13 የሱቁ ቁጥር ይመስለኝ ነበር። እሺ፣ ቅጠሩ። ግን አራት ሰዓት ይበዛል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ተዋዋሉና የቀረውን በራሳችሁ ዙሩ።

ወለተ ማርያም

ስለ ጾሙ እኔ ልመልስ፤ ጃፓን ሁለት ዓመት ተምሬአለሁ። አደጋው ሥጋው አይደለም፣ እርሱ ይታያል። አደጋው ዳሺ ነው። ከደረቀ ዓሣ የሚወጣ መረቅ ሲሆን በሾርባውም፣ በኑድሉም፣ በአትክልት ወጡም፣ በማጥቀሻውም ይገባል። «አትክልት ብቻ» ብትዪ በቅንነት ዳሺ ያለበትን ያቀርቡልሻል፤ ለእነርሱ ዓሣ በላሽ አያሰኝም። ስለዚህ «ሥጋ፣ ዓሣ፣ የዓሣ መረቅ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ አንበላም» የሚል ወረቀት አስጎብኚው በጃፓንኛ ይጻፍላችሁ። ይህ ብቻውን ከግማሽ ክፍያው በላይ ያወጣል።

ካዋጎኤ ለጾመኛ ክፉ አይደለችም። የተጠበሰ ስኳር ድንች አለ። በእንጨት ተሰክቶ አኩሪ አተር ማባያ እየተቀባ የሚጠበስ የሩዝ ሙልሙልም አለ፣ ጣፋጭ አይደለም፣ ዳንጎ ይባላል። ቀይ ባቄላ የተሞላ የሩዝ ኬክም ታገኛላችሁ፤ ማባያውንም ኬኩንም በወረቀቱ እያሳያችሁ ጠይቁ። የስኳር ድንች አይስክሬሙን ግን እለፉት፣ ወተት ነው። ከተማዋ የምትኮራበት ሌላው ምግብ ኡናጊ ነው፤ እባብ የሚመስለው ዓሣ። እርሱን እናትሽ በፍስክም አይቀምሱትም፣ ቅርፊቱ አይታይም። የቡድሃ መነኮሳት የጾም ምግብ ሾጂን ሪዮሪ ይባላል፤ መረቁ ከባሕር ተክል ስለሆነ ከሁሉ ይሻላል፤ ቀድሞ ማስያዝ ግን ግድ ነው።

የበላችሁበትን ወረቀትና እንጨት የምትጥሉበት ቅርጫት በመንገድ ላይ ስለማይገኝ ፌስታል ያዙ። እየሄዱ መብላትም አይወደድም፤ ሱቁ በር ላይ ቆማችሁ ጨርሱ።

ሕይወት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አስጎብኚውን ስለ ጉልበቷ ጠየቅሁት፤ አውቶቡስ የምንይዝባቸውን ሁለት ቦታዎችና መጸዳጃ ቤት ያለበትን ጭምር ጽፎ ላከልኝ። ቀጥረነዋል፤ ለሦስት ሰዓት። ኪታኢን የሚባል ቤተ መቅደስ መንገዱ ውስጥ አስገብቷል፤ ይቅር ልበለው?

ትርሲት

አታስቀሪው! ኪታኢን ውስጥ ዋናው ነገር ክፍሎቹ ናቸው። በ1638 እ.ኤ.አ. ቤተ መቅደሱ ሲቃጠል ሾጉኑ (የጃፓን ወታደራዊ ገዥ) ኢየሚትሱ ከኤዶ ቤተ መንግሥት ክፍሎች ተፈትተው እዚህ እንዲተከሉ አደረገ፤ እርሱ ተወለደበት የሚባለው ክፍልም አለ። የኤዶው ቤተ መንግሥት በኋላ በእሳት ጠፋ፣ እነዚህ ተረፉ። እናትሽ ይህን የሾጉን እልፍኝ እንጂ መሠዊያ ለማየት አይገቡም፤ መስገድም ማጨብጨብም ማንም አይጠይቃቸውም። ጫማ ማውለቅ ስላለ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማና ወፍራም ካልሲ ያድርጉ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል።

ግቢው ውስጥ 538 የድንጋይ ምስሎች አሉ፤ የቡድሃ ደቀ መዛሙርት ናቸው። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ለጎረቤቱ ጆሮ ያንሾካሹካል። እርሱን ካልወደዱ ውጭ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ እናንተ በምትሄዱበት ሰሞን ቼሪው ያበበ ይሆናል።

የላስታው ልጅ

ሲጨርስ በእጁ ጉርሻ አትስጡት፤ እዚያ ልማዱ አይደለም፣ ሊያፍር ይችላል። ስጦታ ግን ይወዳሉ። የተቆላ ቡና ያዙለት፣ ጥሬ አይሁን፤ ጥሬው በዕፅዋት ቁጥጥር ሊያዝ ይችላል። ጃፓኖች የኢትዮጵያን ቡና «ሞካ» እያሉ ነው የሚያውቁት።

ሕይወት (ጠያቂ)

ሄደን መጣን። ስላገዛችሁኝ ዕዳዬን ልክፈል።

ማክሰኞ ሄድን፣ ሰው ቀለል ያለ ነበር። በሆን ካዋጎኤ በኩል መግባታችን ጥሩ ሆነ። ሦስት ሰዓት ለእናቴ ልክ ነበር፤ አራት ቢሆን ትደክም ነበር። ወረቀቱን ሦስት ቦታ አሳየን፤ ሁለቱ ምግብ ቤቶች ይቅርታ ጠይቀው መለሱን፣ ሦስተኛው ሩዝና የተቀመመ አትክልት አቀረበልን። የቀረውን ቀን ስኳር ድንች በላን። ኪታኢን ገባች፤ እልፍኙን ወደደችው፣ ምስሎቹን ግን ከሩቅ አይታ «ይበቃል» አለች።

ኦሳዋ ቤት ስንደርስ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አስጎብኚው ጭድና ጭቃ ሲል ስተረጉምላት፣ «ጭቃውን ስንት ቀን አቡክተው አሳደሩት ብለሽ ጠይቂው» አለችኝ። አላወቀም። ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። ማገሩ በምን እንደታሰረ፣ ጭዱ የስንዴ ነው የሩዝ ብላ ቀጠለች፤ አንዱን መለሰ፣ ሌላውን ጻፈ። በስተመጨረሻ አስጎብኚዋ እርሷ ሆነች፤ እኔ በመሐል ስተረጉም ደከመኝ።

በሦስተኛው ቀን በስልኬ መልእክት ላከ። አንድ የግድግዳ ባለሙያ ጠይቆ ኖሯል፦ ጭዱ የሩዝ ነው፤ ጭቃው ከጭዱ ጋር ተቦክቶ ለወራት ይቀመጣል፣ ሲሸት ነው የሚደርሰው። አነበብኩላት። «መሽተቱንማ እኔ ልነግረው እችል ነበር» አለች።