የሆሊውድ ሰው ሲጮህ ዓሣ ነባሪ ይተርፋል እንዴ? እገዳ ካለስ ለምን አሁንም ይታደናል?

ባለጀበናው (ጎንደር፣ ፒያሳ)

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ጎንደርና ዓሣ ነባሪ ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ። ትናንት ማታ ቡና ላይ ከጓደኛዬ ጋር ተከራክረን ተከራክረን መቋጫ ስላጣን ነው እዚህ ያመጣሁት። አንድ የቆየ ዜና አሳየኝ። በ2023 (ዓመቱ በፈረንጅ ነው) እነ ጄሰን ሞሞአና ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ያሉበት የሆሊውድ ቡድን አይስላንድን "ዓሣ ነባሪ ማደን ካላቆማችሁ ፊልማችንን እናንተ ጋ አንቀርፅም" ብሎ አስጠንቅቋል። ጓደኛዬ "ሰው ማለት እንዲህ ነው" አለ። እኔ ደግሞ ለታይታ ነው ባይ ነኝ፤ ካሜራው ሲዞር እነሱም ይዞራሉ።

ከዚያ "ቆይ፣ ዓሣ ነባሪ ማደን በዓለም ደረጃ ታግዶ የለ እንዴ?" ብዬ ጠየቅኩት። እሱም አያውቅም። እኔ ስለዚህ እንስሳ የማውቀው ነቢዩ ዮናስን ሦስት ቀን ሆዱ ውስጥ እንዳሳደረው ነው፣ እሱንም ጾመ ነነዌ ሲመጣ ነው የማስታውሰው። የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ። የቡናው ሒሳብ የተሸናፊ ነው።

ነገረ ፈጅ

ባለጀበናው፣ ሕግ ስለተማርኩ በሕጉ ልጀምር።

ስለ ዓሣ ነባሪ አደን የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ስምምነት የተፈረመው በ1946 ዋሽንግተን ነው (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የፈረሙት ደግሞ ለእንስሳው አዝነው እንዳይመስልህ። አብዛኞቹ ራሳቸው አዳኞች ነበሩ። ዓላማው ዓሣ ነባሪው እንዳያልቅና ኢንዱስትሪው ሥርዓት ይዞ እንዲቀጥል ነበር፣ የሚሠራውም በኮታ ነው። ኮታው ግን አልጠበቀውም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ዓሣ ነባሪ ተገድሏል። የአንታርክቲካው ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ከነበረው 1 በመቶ እንኳ አልቀረም ነበር። ሶቪየት ኅብረት ደግሞ በየዓመቱ የውሸት ቁጥር ስታስገባ ኖራ፣ ጉዱ የወጣው መንግሥቱ ከፈረሰ በኋላ ነው።

በ1982 በዚሁ ስምምነት የተቋቋመው የዓሣ ነባሪ አደን ኮሚሽን ድምፅ ሰጠ። 25 ለ7። ከ1986 ጀምሮ የንግድ አደን ኮታ ዜሮ ሆነ። እገዳ የምንለው ይኼ ነው። ልብ በል፣ "ማደን ክልክል ነው" የሚል አንቀጽ የለም፤ ኮታው ዜሮ ነው የተባለው።

ቀዳዳው እዚህ ጋ ነው። አንድ አገር ውሳኔው በወጣ በ90 ቀን ውስጥ ተቃውሞ ካስገባ ውሳኔው አይመለከተውም። ኖርዌይ ይህን አድርጋ ከ1993 ጀምሮ በይፋ ትነግድበታለች። አይስላንድ በ1992 ወጣች፣ በ2002 "እገዳውን አልቀበልም" የሚል ቅድመ ሁኔታ ይዛ ተመለሰች። ጃፓንም መጀመሪያ ተቃውማ ነበር፣ አሜሪካ "በእኔ ባሕር ዓሣ እንዳታጠምዱ አደርጋለሁ" ስትላት ተቃውሞዋን አነሳች። ከዚያ ምን አደረገች? "ለምርምር ነው" ብላ አንታርክቲካ ድረስ እየሄደች አደነች። ስምምነቱ ለሳይንስ ማደን ይፈቅዳል፣ ሥጋው እንዳይባክን ይላል፣ ስለዚህ "የተመረመረው" ሥጋ ሱቅ ይገባል። አውስትራሊያ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሰቻት። መጋቢት 31 ቀን 2014 (በፈረንጅ) ፍርድ ቤቱ 12 ለ4 በሆነ ድምፅ "ይኼ ፕሮግራም ሳይንሳዊ ምርምር አይባልም" አለ። በ2019 ጃፓን ከነጭራሹ ኮሚሽኑን ለቃ ወጣች። አሁን በገዛ ባሕሯ ብቻ፣ ግን በግልጽ ለንግድ ታድናለች።

እገዳውን ለማንሳት ሦስት አራተኛ ድምፅ ስለሚያስፈልግ ሁለቱም ወገን አባል ማሰባሰብ ላይ ነው የከረመው። ጃፓን በእርዳታ ድምፅ ትገዛለች የሚል ክስ ለዓመታት አለ፣ እሷ ትክዳለች። በ2006 ካሪቢያን ላይ በተደረገው ስብሰባ "እገዳው ከእንግዲህ አያስፈልግም" የሚል መግለጫ 33 ለ32 አልፏል፣ ግን ሦስት አራተኛ ስላልሆነ ምንም አልቀየረም። የሚያስቀው፣ ባሕር የሌላቸው ማሊና ሞንጎሊያ አባል ናቸው። ወዲያ ማዶ ደግሞ እንደነሱው ባሕር የሌላቸው ስዊዘርላንድና ኦስትሪያ ተቀምጠዋል። እኛ ወደብ አጥተን እንብሰለሰላለን፣ ሰው ያለ ወደብ ስለ ውቅያኖስ እጁን ያወጣል።

በዚህ ሁሉ መሀል አክተር አይተሃል? እኔ አላየሁም።

የጎርጎራዋ

ነገረ ፈጅ ጥሩ ብለሃል፣ ግን አክተር የለም ያልከውን አልቀበልም። የንግድ አደን የተከለከለበትን ባሕር ማን ሲጠብቅ ነበር? ሲ ሼፐርድ የሚባለው ድርጅት አንታርክቲካ ድረስ መርከብ እየላከ በአዳኞቹ መርከቦች መሀል ይገባ ነበር። መርከብ በጸሎት አይገዛም። ቦብ ባርከር የሚባል የአሜሪካ ቴሌቪዥን አዘጋጅ 5 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ መርከብ ተገዛ፣ ስሙም መርከቧ ላይ ተጻፈ። በፈረንሳይዋ ተዋናይ ስም ብሪጂት ባርዶ የምትባል መርከብም ነበረቻቸው። መሥራቹ ፖል ዋትሰን ደግሞ በ2024 ጃፓን ባወጣችበት ማዘዣ ግሪንላንድ ላይ ተይዞ አምስት ወር ታሰረ። ዴንማርክ አሳልፌ አልሰጥም ብላ ታኅሣሥ ላይ ለቀቀችው። ለታይታ የሆነ ሰው አምስት ወር አይታሰርም። (ዘዴው ትክክል ነው አላልኩም። መርከብ ከመርከብ ማላተም ነፍስ ያስጠፋል፣ በ2010 አንዷ ጀልባቸው ተገጭታ ሰምጣለች።)

የአይስላንዱን ግን ባለጀበናው ልክ ነህ ማለት ይቻላል። ቀኖቹን ተመልከቱ። አደኑ የታገደው በ2023 ሰኔ ነው፣ በፈረንጅ ጁን። ያስቆመው የአገሪቱ የእንስሳት ጤና ባለሥልጣን ሪፖርት ነበር። የተወጋው እንስሳ ቶሎ አይሞትም፣ አንዱ እስከ ሁለት ሰዓት ተሠቃይቷል የሚል። የሆሊውዱ ደብዳቤ የመጣው ነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ እገዳው ሊያልቅ ሲል ነው። አይስላንድ ለፊልም ሠሪ ካወጣው ወጪ እስከ 35 በመቶ ትመልሳለች፣ ስለዚህ ዛቻው ባዶ አልነበረም። ሆኖም መስከረም ላይ አደኑ ጠበቅ ባለ ደንብ ተከፈተና 24 ዓሣ ነባሪ ተገደለ። በ2024 ደግሞ አንድም አልታደነም። በ2025 ኩባንያው ራሱ "ጃፓን ላይ ዋጋው አያዋጣም" ብሎ ተወው። ሥጋውን የሚገዛው ጃፓን ነዋ! የእንስሳት ሐኪምና ገበያ ያደረጉትን ሞሞአ አላደረገውም።

እኔ ጣና ዳር ነው ያደግኩት። አባቴ አጥማጅ ነው። ዓሣ በሚራባበት ወራት ወንዝ አፍ ላይ መረብ አትዘርጉ ተብሎ ስንቴ ተነግሯል። ሰሚ የሚገኘው ገበያ ላይ የሚገዛ ሲጠፋ ብቻ ነው።

ላይክ አልወድም

እምቦጭ ጣናን ሲውጥ ዲካፕሪዮ የት ነበር ልበል ወይስ ልተወው 😂

የጎርጎራዋ

ተወው። እምቦጭ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ሐምራዊ አበባ አለው። ማን ያለቅስለታል።

ደባርቅ ጋይድ

ልጆች፣ እኔ ሰሜን ተራሮች ላይ ቱሪስት እየመራሁ 19 ዓመት ሆኖኛል። ሁላችሁም ያልነካችሁት ነገር አለ፣ በዓሣ ነባሪው አካባቢ የሚኖረው ሰው።

አንዲት አላስካዊት ቱሪስት ጨነቅ ላይ ጭላዳ እያየን የነገረችኝን ልንገራችሁ፣ በኋላ አንብቤም አረጋግጫለሁ። ኢኑፒያት የሚባሉ ሕዝቦች አሉ፣ ከጥንት ጀምሮ ቦውሄድ የሚባለውን ዓሣ ነባሪ አድነው ነው የሚኖሩት። ሥጋው ለመንደሩ ሁሉ ይከፋፈላል፣ ልክ እንደኛ ቅርጫ። በ1977 ኮሚሽኑ "እንስሳው አልቋል" ብሎ ኮታቸውን ዜሮ አደረገ። ሽማግሌዎቹ "ኧረ አላለቀም፣ በረዶ ሥር እየዋኘ ነው የሚያልፈው፣ እናንተ የምትቆጥሩት ከላይ የሚታየውን ነው" አሉ። ማን ሰማቸው። የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው፣ ሳይንቲስት ይዘው፣ ውኃ ውስጥ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ አስገብተው አስቆጠሩ። ሽማግሌዎቹ ልክ ነበሩ። ዛሬ ቁጥሩ ከ10 ሺህ በላይ ነው፣ እነሱም በኮታ ያድናሉ።

ባርዶም ብትሆን በ1977 ካናዳ በረዶ ላይ ሄዳ የባሕር ውሻ (በእንግሊዝኛ "ሲል" የሚባለው እንስሳ) ግልገል አቅፋ ፎቶ ተነሳች። በ1983 አውሮፓ የግልገሉን ቆዳ ከለከለ። ያ ፎቶ ሠርቷል እንግዲህ። ግን ገበያው ሲወድቅ ግልገል ነክቶ የማያውቀው፣ አዋቂውን ለምግብ የሚያድነው የኢኑይት (የአርክቲክ ነባር ሕዝብ) ሰው አብሮ ወደቀ። ኖርዌይን በፎቶ አታስደነግጣትም። ድሃ አዳኝን ግን አንድ ፎቶ ይጥለዋል።

ለምን ይኼን አነሳሁ? የግጭ መንደርን ታውቃላችሁ። ፓርኩ ውስጥ ነበረች። ፓርኩ ከ1978 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፣ ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ውስጥ ነበር። ለዋልያው ተብሎ በ2016 (ይኼም በፈረንጅ ነው) የግጭ ሰው ወደ ደባርቅ ወረደ። ካሳ ተሰጠ። ግን ገብሱን የለመደ ገበሬ ከተማ ላይ ምን ይሠራል? አንዱ ከእኔ ጋር በቅሎ ይጭን ነበር። አሁን ታክሲ ተራ ላይ ነው የማየው። ዋልያው ይጥፋ የምል ሰው አይደለሁም፣ እንጀራዬ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ሳን ኢግናስዮ የሚባል ሐይቅ መሰል የባሕር ወሽመጥ አለ፣ ግራጫ ዓሣ ነባሪ የሚወልድበት። ተዋናዩ ፒርስ ብሮስናን ያለበት ዘመቻ እዚያ ሊሠራ የነበረ ትልቅ የጨው ፋብሪካ በ2000 እንዲሰረዝ ረድቷል። እዚያ ያሉት አጥማጆች ግን አልተነሱም፤ በጀልባቸው ቱሪስት እየወሰዱ ዓሣ ነባሪ ያሳያሉ። እኔ የማደንቀው እንዲህ ያለውን ነው።

ባለጀበናው

ጋሼ ደባርቅ፣ እግዜር ይስጥልን። ለጓደኛዬ ሁሉንም አነበብኩለት። የአይስላንዱ ቀን ላይ አፉን ያዘ፣ የባርከር መርከብ ላይ ደግሞ እኔ አፌን ያዝኩ። ስለዚህ ቡናውን ግማሽ ግማሽ ከፈልን፣ ቆሎው የእሱ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል። ኢኑፒያቶቹ ሳይንቲስት ይዘው አስቆጠሩ ብለዋል። ግጭ ላይ ዋልያውን ሲቆጥሩ የመንደሩ ሰው አብሮ ቆጥሮ ነበር?

ደባርቅ ጋይድ

ከስካውቶቹ (ከፓርኩ ጠባቂዎች) መሀል የአካባቢው ልጆች አሉ፣ ሲቆጠር አብረው ይቆጥራሉ። ይውጡ ወይስ ይቆዩ ሲባል ነው ያልተጠሩት። ቅዳሜ ጎንደር እወርዳለሁ፣ የቀረውን በአካል እነግራችኋለሁ።