በአሜሪካ በኦንላይን ለሚሸጡ አነስተኛ ነጋዴዎች፦ የሽያጭ ታክስና የሒሳብ መዝገብ ጥቆማ

አሜሪካ ውስጥ በኦንላይን አነስተኛ ንግድ የጀመሩ ሰዎች «የሽያጭ ታክሱን የሚሠራልኝ የትኛው ሶፍትዌር ነው?» ብለው ሲጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው መልስ የሶፍትዌር ስም ዝርዝር ነው። እኔ ከስሙ በፊት ዕቃዎ የሚሸጠው የት እንደሆነ መጠየቅ እመርጣለሁ። በኤትሲ፣ በኢቤይ ወይም በአማዞን ብቻ የሚሸጡ ከሆነ ለሽያጭ ታክስ ሶፍትዌር ገንዘብ ማውጣት የለብዎትም ማለት ይቻላል፤ ያንኑ ገንዘብ ለሒሳብ መዝገብዎ ቢያውሉት ይሻላል። የራስዎ ድረ ገጽ ካለዎት፣ ወይም በኢንስታግራምና በቴሌግራም መልእክት ትዕዛዝ ተቀብለው ክፍያውን በዜል የሚሰበስቡ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል።

የሕጉን መነሻ በአጭሩ ማወቅ ይጠቅማል፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1992 በኩዊል ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ አንድ ስቴት በግዛቱ ውስጥ ሱቅም ሆነ መጋዘን ወይም ሠራተኛ የሌለውን ሻጭ የሽያጭ ታክስ እንዲሰበስብ ማስገደድ አይችልም ነበር። በጁን 2018 ፍርድ ቤቱ በሳውዝ ዳኮታና በዌይፌር ኩባንያ ክርክር ይህንን አቋም ሻረው፤ በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ወይም 200 ጊዜ የሸጠ የሩቅ ነጋዴ ታክስ እንዲሰበስብ የሚያዘው የሳውዝ ዳኮታ ሕግም ለሌሎቹ ስቴቶች አርአያ ሆነ። ዛሬ ገደቡ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ካሊፎርኒያና ቴክሳስ 500,000 ዶላር ላይ አድርገውታል፤ ኒው ዮርክ 500,000 ዶላርና ከ100 በላይ ሽያጭ በአንድነት ሲሟሉ ነው የምትጠይቀው፤ ሳውዝ ዳኮታ ራሷ ደግሞ የ200 ሽያጩን መለኪያ በ2023 አንሥታዋለች። ኦሪገን፣ ሞንታና፣ ዴላዌርና ኒው ሃምፕሺር የሽያጭ ታክስ የላቸውም፤ አላስካም በስቴት ደረጃ ባይኖራትም በርካታ ከተሞቿ ግን ይሰበስባሉ።

ለአብዛኛው አነስተኛ ሻጭ እነዚህ ገደቦች ሩቅ ናቸው። ቅርቡ የራሱ ስቴት ነው። ዕቃው ጓዳዎ ውስጥ ተቀምጦ፣ እሽጉም ከቤትዎ የሚላክ ከሆነ፣ እርስዎ በዚያ ስቴት ውስጥ ያለ ነጋዴ ነዎት፤ የ100,000 ዶላሩም ሆነ የ500,000 ዶላሩ ገደብ የተቀመጠው ለሩቅ ሻጭ እንጂ ለእርስዎ አይደለም። ስለዚህ በራስዎ ድረ ገጽ ወይም በእጅ በእጅ ለስቴትዎ ነዋሪ ለሚሸጡት ዕቃ፣ አስቀድመው የሻጭነት ፈቃድ አውጥተው ታክሱን መሰብሰብ ይጠበቅብዎታል። ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ፦ ፈቃድ ሳይኖር ከገዢ ላይ ታክስ መቀበል በራሱ ጥፋት ነው። ፈቃዱ በአብዛኛው ነፃ ነው፤ ካልሆነም ክፍያው ቀላል ነው። ከዚያም በላይ የሚመለስ ጥቅም አለው፤ ለሽያጭ የሚሆነውን ዕቃ ከጅምላ አከፋፋይ ሲገዙ የመልሶ መሸጫ ሰርተፍኬት ሰጥተው ታክስ ሳይከፍሉ እንዲገዙ ያስችልዎታል። ብዙዎች ይህንን ባለማወቅ ሊቀርላቸው የሚችለውን ታክስ ለዓመታት ሲከፍሉ ይኖራሉ።

በገበያ መድረኮች በኩል ያለው ሁኔታ እጅግ የቀለለ ነው። የሽያጭ ታክስ ያላቸው ስቴቶች ሁሉ የመድረክ ባለቤቱ ራሱ ታክሱን እንዲሰበስብና እንዲያስገባ የሚያስገድድ ሕግ ስላወጡ፣ ኤትሲ፣ ኢቤይ፣ አማዞን፣ ዋልማርትና ቲክቶክ ሾፕ ሥራውን በእርስዎ ፋንታ ይሠሩታል። ሁለት ነገሮች ብቻ አይዘንጉ። አንደኛው፣ ፈቃድ አውጥተው ከሆነ፣ ሁሉም ሽያጭዎ በመድረክ በኩል ቢሆን እንኳ ስቴቱ ሪፖርት ሊጠብቅብዎት ይችላል፤ ዜሮም ቢሆን ሪፖርቱ መቅረብ አለበት። ለምሳሌ በቴክሳስ የሚከፈል ታክስ ባይኖርም ሪፖርቱ ከዘገየ 50 ዶላር ቅጣት አለ። ሁለተኛው፣ ዕቃዎን በአማዞን መጋዘኖች የሚያስቀምጡ ከሆነ፣ አማዞን ዕቃውን ሳያማክርዎት ወደ ሌላ ስቴት ሊያዛውረው ይችላል፤ ከመድረኩ ውጭም የሚሸጡ ከሆነ ይህ በዚያ ስቴት የመመዝገብ ግዴታ ሊያስከትል ስለሚችል ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው።

እንግዲህ ወደ ሒሳብ መዝገቡ እንምጣ፤ ስሕተት የሚበዛው እዚህ ነውና። አንድ ሽያጭ ከፍተን እንመልከት። በኤትሲ አንድ የሸማ ስካርፍ በ40 ዶላር፣ ማጓጓዣውን በ6 ዶላር አድርገው ለሜሪላንድ ገዢ ሸጡ እንበል። የሜሪላንድ ታክስ 6 በመቶ ሲሆን፣ ተለይቶ የተጻፈው ማጓጓዣ ስለማይታከስ 2.40 ዶላር ይጨመራል፤ ገዢው በጠቅላላው 48.40 ዶላር ይከፍላል። ኤትሲ ታክሱን ራሱ ያስገባል፤ ከእርስዎ ደግሞ 0.20 ዶላር ዕቃውን በገጹ ላይ የማውጫ ክፍያ፣ ከዕቃውና ከማጓጓዣው 6.5 በመቶ ማለትም 2.99 ዶላር፣ ከገዢው ጠቅላላ ክፍያ 3 በመቶና 25 ሳንቲም ማለትም 1.70 ዶላር ገደማ ይቀንሳል። ባንክዎ የሚገባው 41.11 ዶላር ነው። ብዙ ሰው መዝገቡ ላይ «ገቢ 41.11» ብሎ ይጽፍና ያልፋል። ትክክለኛው አመዘጋገብ ግን ገቢ 46 ዶላር፣ የመድረክ ወጪ 4.89 ዶላር፣ ከዚያም የፖስታ መላኪያው ዋጋና የስካርፉ መግዣ ለየብቻቸው የሚል ነው። የ2.40 ዶላሩ ታክስ የእርስዎ ገቢ ሆኖ አያውቅም።

ይህ ልዩነት ዋጋ የሚያስከፍለው በዓመቱ መጨረሻ ነው። መድረኩ ለእርስዎና ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ለአይ.አር.ኤስ የሚልከው 1099-ኬ ቅጽ ኮሚሽንና ተመላሽ ሳይቀነስ ጠቅላላውን ሽያጭ ያሳያል፤ የእርስዎ መዝገብ የባንኩን ቁጥር ብቻ ከያዘ ሁለቱ አይገናኙም፣ ልዩነቱንም በደረሰኝ ማስረዳት ይኖርብዎታል። በ2025 በወጣው ሕግ መድረኮች ይህንን ቅጽ የመላክ ግዴታቸው ከ20,000 ዶላርና ከ200 ግብይት በላይ ወደሚለው የቀድሞ ገደብ ተመልሷል፤ አንዳንድ ስቴቶች ግን ከዚህ ያነሰ ገደብ አላቸው። ቅጹ አልመጣም ማለት ገቢው አይታወጅም ማለት አይደለም። ዜልም 1099-ኬ አይልክም፤ በዜል የተከፈለዎት ገንዘብ ግን በሌላው መንገድ እንደተከፈለው ሁሉ ገቢ ነው። ይህንን ነጥብ የምደጋግመው «በዜል ከሆነ አይታይም» የሚለው ወሬ በሠርግም በለቅሶም ስለሚነገር ነው።

ለመዝገብ አያያዝ የምመክረው እንደ ንግዱ መጠን ይለያያል። በወር ጥቂት ዕቃ ብቻ የሚሸጥ ሰው ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ ይበቃዋል፤ ቀን፣ የትዕዛዝ ቁጥር፣ የሽያጭ ዋጋ፣ ማጓጓዣ፣ ታክስ፣ የመድረክ ክፍያ፣ የዕቃው መግዣ ዋጋና ገዢው የሚኖርበት ስቴት በየዓምዱ ከተመዘገቡ፣ ማንኛውም የሒሳብ ባለሙያ ከዚያ ተነሥቶ መሥራት ይችላል። የገዢውን ስቴት የሚያሳየውን ዓምድ ማንም አያስበውም፤ ነገር ግን ወደ አንድ ስቴት ገደብ እየተጠጉ መሆንዎን የሚነግርዎት እሱ ብቻ ነው። በነፃ ከሚገኙት ሶፍትዌሮች ዌቭ ለመጀመር ምቹ ነው፤ ከ2019 ጀምሮ የኤች ኤንድ አር ብሎክ ንብረት ሲሆን፣ የባንክ እንቅስቃሴን በራሱ የሚያስገባው አገልግሎት በክፍያ ነው፣ የዕቃ ክምችትንም አይቆጣጠርም። ስለዚህ አገልግሎት ለሚሸጥ ወይም ዕቃውን በትዕዛዝ ለሚሠራ ሰው እመርጠዋለሁ። ዞሆ ቡክስ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ50,000 ዶላር በታች ለሆነ ንግዶች ነፃ ዕቅድ አለው፤ አሠራሩን ለመልመድ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ በነፃ ለሚሰጠው ነገር ከዌቭ የሰፋ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ኮምፒውተር ለሚወድና መዝገቡ በሌላ ኩባንያ ሰርቨር ላይ እንዲቀመጥ ለማይፈልግ ሰው ግኑካሽ አለ፤ ሙሉ በሙሉ ነፃ ሆኖ እያንዳንዱን ግብይት በዴቢትና በክሬዲት የሚይዘውን ትክክለኛ የሁለትዮሽ አመዘጋገብ ሥርዓት የሚከተል ቢሆንም ከመድረኮች ጋር በቀጥታ አይገናኝም።

ኩዊክቡክስ ከሁሉም ውድ ነው፤ የሚመረጥበት ትልቁ ምክንያትም ሶፍትዌሩ ከሌሎቹ ስለሚበልጥ ሳይሆን የአሜሪካ የሒሳብ ባለሙያ ሁሉ ስለሚያውቀውና በግብዣ ገብቶ መዝገብዎን ከቢሮው ሆኖ ማየት ስለሚችል ነው። ባለሙያ የማይቀጥሩ ከሆነ ይህ ጥቅም ለእርስዎ የለም። ክምችት መቆጣጠር የሚችለው ፕላስ ከሚባለው ዕቅድ ጀምሮ ስለሆነ፣ ርካሹን ዕቅድ ገዝተው ይህንን ቢፈልጉ አያገኙትም። በተለያዩ መድረኮች ብዙ ሽያጭ ያለው ሰው ደግሞ ኤ ቱ ኤክስ የሚባለውን አገናኝ ቢጨምር ጥሩ ነው፤ ከላይ በስካርፉ ምሳሌ ያደረግነውን መለያየት፣ አማዞን፣ ኢቤይ፣ ኤትሲ ወይም ሾፒፋይ ወደ ባንክ በላከው በእያንዳንዱ ገንዘብ ላይ በራሱ ይሠራል። በወር ሠላሳ ትዕዛዝ ላለው ግን ትርፍ ወጪ ነው።

የሽያጭ ታክስ መሣሪያ የሚያስፈልገው በራሱ ድረ ገጽ የሚሸጥ ሰው ነው። መደብሩ በሾፒፋይ ላይ ከሆነ አብሮት ያለው ሾፒፋይ ታክስ በአሜሪካ ሽያጭ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ያለ ክፍያ ያሰላል፤ ሌላ ነገር መፈለግ አያስፈልግም። ክፍያ በስትራይፕ ለሚቀበል ስትራይፕ ታክስ አለ፤ በየግብይቱ ስለሚያስከፍል ሽያጩ ሲያድግ ክፍያውም ያድጋል። ታክስጃርም ከ2021 ጀምሮ የስትራይፕ ሲሆን፣ በብዙ ስቴቶች ተመዝግቦ ሪፖርት የማቅረብ ጣጣ ላለበት ሰው ይጠቅማል፤ አቫላራ በእኔ ግምት ለትልልቅ ድርጅቶች የተሠራ ነው። እነዚህን ሲያወዳድሩ «ያሰላል» እና «ሪፖርት ያቀርባል» የተለያዩ አገልግሎቶች መሆናቸውን ያጣሩ። ታክሱን በትክክል አስልቶ ሰብስቦ ወደ ስቴቱ ማስገባቱን ለእርስዎ የሚተውልዎት ብዙ ነው፤ የተሰበሰበው ታክስ ደግሞ የስቴቱ አደራ ስለሆነ ካልገባ ተጠያቂነቱ በግል እስከ መምጣት ይደርሳል። በአንድ ስቴት ብቻ የተመዘገበ ሰው የስቴቱን የታክስ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ተጠቅሞ በነፃ ቢያቀርብ የተሻለ ነው፤ ቴክሳስን የመሳሰሉት በጊዜው ለከፈለ ቅናሽም ይሰጣሉ። በሌላ በኩል ስትሪምላይንድ ሴልስ ታክስ በሚባለው ስምምነት ውስጥ 24 ስቴቶች ስላሉ በአንድ ቅጽ በሁሉም መመዝገብ ይቻላል፤ በእነዚያ ስቴቶች ቢሮ፣ ንብረትና ሠራተኛ የሌለው ሻጭ መሥፈርቱን ካሟላ እንደ ታክስክላውድ ያሉ የተመሰከረላቸው አቅራቢዎች ሪፖርቱን ያለ ክፍያ ያቀርቡለታል፤ ወጪያቸውን ስቴቶቹ ይሸፍናሉ። ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስ፣ ኒው ዮርክ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ግን በስምምነቱ ውስጥ የሉም።

በሰው ስለማሠራት ስናነሣ፣ አማርኛ የሚናገር ባለሙያ ማግኘት ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ይሁን እንጂ የደመወዝተኛን ግብር አጥርቶ የሚሠራ ሁሉ የዕቃ ክምችት ያለውን ንግድ ይሠራል ማለት አይደለም። ከመስማማትዎ በፊት በዓመቱ መጨረሻ የቀረውን ዕቃ በስኬጁል ሲ (የግል ንግድ ትርፍና ኪሳራ በሚታወጅበት ቅጽ) ላይ እንዴት እንደሚይዝ፣ የ1099-ኬውን ጠቅላላ ቁጥር ከባንክ ገቢ ጋር እንዴት እንደሚያስታርቅ፣ የስቴቱን የሽያጭ ታክስ ሪፖርትም እሱ ያቀርብ እንደሆነ ይጠይቁት። ያልተሸጠውን ዕቃ ሁሉ ያለ ምንም ማብራሪያ እንደ ወጪ ልቀንስልህ የሚል ሰው ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ። ክፍያ የሚቀበል የግብር ቅጽ አዘጋጅ ሁሉ ከአይ.አር.ኤስ የሚሰጥ ፒቲን የሚባል መለያ ቁጥር ሊኖረውና በቅጹ ላይ ሊፈርም ይገባል፤ የማይፈርም፣ ወይም ክፍያውን ከግብር ተመላሹ ላይ በመቶኛ የሚያሰላ ሰው ዘንድ አይሂዱ። ሲ.ፒ.ኤ (በስቴት ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ) እና ኢንሮልድ ኤጀንት (በአይ.አር.ኤስ ፈቃድ ያለው የግብር ባለሙያ) የሆኑትን በአይ.አር.ኤስ የሕዝብ ማውጫ ላይ በስም ማግኘት ይቻላል፤ ለአነስተኛ ሻጭ ኢንሮልድ ኤጀንት ብዙ ጊዜ በቂ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል። በነፃ ምክር ለሚፈልግ ስኮር የሚባለው የበጎ ፈቃድ የንግድ አማካሪዎች ድርጅት እና የአነስተኛ ንግድ ልማት ማዕከላት አሉ፤ እነሱ ግን አካሄድ ያሳያሉ እንጂ ቅጽ አይሞሉም።

ከተጣራ የንግድ ትርፍ 400 ዶላርና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው 15.3 በመቶ የራስ ሥራ ታክስ (የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ) እንዳለበት፣ በዓመቱ መጨረሻ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ግብር የሚጠብቀውም ብዙውን ጊዜ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ አጋማሽ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበት ባለሙያው ካልነገረዎት እርስዎ ያንሡበት። ከሽያጭ ታክሱ ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ሌላ ክፍያ ነው።

የቀረው ጥያቄ «እስካሁን ሳልሰበስብ የቆየሁትስ?» የሚለው ነው። ስቴቶች በፈቃደኝነት ራሱን ለሚያሳውቅ ሻጭ ስምምነት ያደርጋሉ፤ ወደ ኋላ የሚታየው ዘመን ይገደባል፣ ቅጣቱም ብዙውን ጊዜ ይነሣል። ጉዳዩ ከአንድ በላይ ስቴት የሚመለከት ከሆነ መልቲስቴት ታክስ ኮሚሽን የተባለው የስቴቶች የጋራ ተቋም በአንድ ማመልከቻ የሚያስተናግድበት ፕሮግራም አለው፤ ባለሙያው በመጀመሪያ የሻጩን ማንነት ሳይገልጽ ማመልከት ይችላል። ይህ በር ክፍት የሚሆነው ግን ስቴቱ ራሱ ደብዳቤ ከመላኩ በፊት ነው።