ከከዚራ ሳጥን የወጡ የሶል ሸክላዎች፦ ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለ ነገር ለምን ይጠይቃሉ?

ለገሀሬ (ድሬዳዋ)

ጤና ይስጥልኝ። ያረፉት አጎቴ ከዚራ በሚገኘው ቤታቸው በእንጨት ሳጥን ያስቀመጧቸው በርካታ ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ) ትንንሽ ሸክላዎች በእጄ ገብተዋል። ከፊሎቹ የአገራችን ድምፃውያን ሥራዎች ሲሆኑ የቀሩት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የታተሙ የሶል ሙዚቃ ሸክላዎች ናቸው። አጎቴ በወጣትነታቸው ዓለማያ ኮሌጅ ተቀጥረው ይሠሩ ስለነበር፣ የአሜሪካዎቹን ያገኟቸው እዚያ ከነበሩ የውጭ አገር መምህራን ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

ዝርዝሩን ከፎቶግራፍ ጋር በኢንተርኔት ካወጣሁ በኋላ እንግሊዝ አገር የሚኖሩ አንድ ሰብሳቢ ጻፉልኝ። የታወቁትን ዘፋኞች ሸክላዎች ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ፣ ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸውን የሁለት ዘፋኞች ሥራዎች ብቻ ጠየቁኝ። ድምፁ ካለቀ በኋላ በመሐሉ ወረቀት ዙሪያ የሚቀረውን ለስላሳ ቦታ በደማቅ ብርሃን አንሥቼ እንድልክላቸው፣ ወረቀቱ ላይ በመሰርሰሪያ የተበሳ ቀዳዳ መኖር አለመኖሩን እንዳሳውቃቸውና ሸክላዎቹን ጨርቅ እንዳላስነካቸው አሳሰቡኝ። ከሁሉም የገረመኝ ግን ፎቶግራፎቹን ከኢንተርኔት እንዳነሣና የዘፈኖቹን ርዕስ ለማንም እንዳልናገር መማጸናቸው ነው። ዘፈኑ ጥሩ ይሁን መጥፎ አንድም ቃል አልተነፈሱም። እኚህ ሰው አጭበርባሪ ናቸው ወይስ ሰብሳቢዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው? ሸክላዎቹ አቧራ ስለጠጡ ስለ አጠባቸውም፣ ስለ አገር ውስጦቹ ዋጋም የምታውቁትን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

ጁገል ዳር (ሐረር)

ነፍሳቸውን ይማር። የጠየቁዎት ሰው አጭበርባሪ ናቸው ብሎ ለመደምደም የሚያበቃ ነገር እስካሁን አላየሁም፤ ይልቁንም ጽሑፋቸው የሰብሳቢነት ሕመም ሁነኛ ምልክቶች በሙሉ ይታዩበታል።

ነገሩ የሚገባዎት የሰሜን እንግሊዝን ታሪክ ሲያውቁ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ ፈንክ ወደሚባለው የሙዚቃ ስልት ሲያዘነብል፣ የማንቸስተርና የአካባቢዋ ወጣቶች ግን በአሥርቱ ዓመታት አጋማሽ ዲትሮይት ውስጥ ይሠራ በነበረው ፈጣን ምት መጨፈር አልተውም ነበር። በለንደን የሸክላ ሱቅ የነበረው ዴቭ ጎዲን፣ ለእግር ኳስ ጨዋታ ከሰሜን የሚመጡ ደንበኞቹ ያንኑ የቆየ ምት ብቻ ሲጠይቁ ስላየ፣ ለሱቁ ሠራተኞች እንዲለዩት «ኖርዘርን ሶል» (የሰሜን ሶል) የሚል ስም አወጣለት። እንዲህ ያለ ዘፈን በአዲስነት የሚያትም ስለጠፋ፣ ዲጄዎቹ ያለፈውን መቆፈር ያዙ። የታወቀውን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ የቀራቸው በወጣበት ጊዜ ማንም ያልገዛው፣ በትንንሽ ኩባንያዎች በጥቂት መቶ ቅጂ ታትሞ መጋዘን ውስጥ የቀረው ነበር። ስለዚህ በዚህ ዓለም ውድ የሚሆነው በዘመኑ የከሰረው ሸክላ ነው፤ ሚሊዮን የተሸጠለት ዘፋኝ ሸክላ ዛሬም በየሱቁ ስለሚገኝ እኚያ ሰው ዞር ብለው አለማየታቸው አያስደንቅም።

ለዚህ የሚጠቀሰው ዋና ምሳሌ ፍራንክ ዊልሰን በ1965 (እ.ኤ.አ.) ለዲትሮይቱ የሞታውን ኩባንያ የቀዳው ነው። ለማስተዋወቂያ የታተሙት ቅጂዎች አብዛኞቹ ስለተወገዱና በእጅ የሚገኙት ጥቂት ብቻ ስለሆኑ፣ አንዱ ቅጂ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ከ25,000 ፓውንድ በላይ ተሽጧል። በዚያ ገንዘብ ድሬዳዋ ላይ ምን ሊገዛ ይችል እንደነበር ማስላቱን ለእርስዎ እተዋለሁ።

ርዕሱን እንዳይናገሩ መለመናቸውም ከዚያው የመጣ ልማድ ነው። ከ1973 እስከ 1981 (እ.ኤ.አ.) እስኪነጋ ድረስ በሚጨፈርበት እንደ ዊጋን ካሲኖ ባለ ቤት የሚያጫውት ዲጄ፣ ተፎካካሪው ያንኑ ሸክላ ፈልጎ እንዳያገኝ በመሐሉ ወረቀት ላይ ሌላ ወረቀት ለጥፎ የሐሰት ርዕስና የሐሰት ዘፋኝ ስም ይሰጠው ነበር። በዚህ ምክንያት ሰዎች ለዓመታት የወደዱትን ዘፈን በሌለ ሰው ስም ሲጠሩት የኖሩበት ጊዜ አለ። የጭፈራ ቤቶቹ ቢዘጉም ምስጢረኛነቱ በሰብሳቢዎቹ ላይ ቀርቷል።

ለስላሳው ቦታ ላይ ፋብሪካው የቀረጸው መለያ ቁጥር ይገኛል። ዋጋው ሲንር አስመስለው ያተሙ ሰዎች ስለነበሩ፣ ቁጥሩና የፋብሪካው ምልክት ዋናውን እትም ከኋለኛው ይለያሉ። በመሰርሰሪያ የተበሳው ቀዳዳ ደግሞ ሳይሸጥ ቀርቶ በቅናሽ እንዲሸጥ የተደረገ ሸክላ ምልክት ነው፤ ዋጋ ይቀንስበታል እንጂ አያረክሰውም። በነገራችን ላይ ዋና ያልሆነ እትም በአደባባይ ያጫወተ ዲጄን እንደ ሌባ የሚቆጥሩ አሉ፤ ድምፁ አንድ ዓይነት መሆኑ ለእነርሱ ማስተባበያ አይሆንም። እኔ ይህን ከልክ ያለፈ አድርጌ አየዋለሁ።

ድምፅ ጠጋኝ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ስለ አጠባው ልመልስ። በቅድሚያ በሳጥኑ ውስጥ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩ፣ ወፈር ያሉና በቀላሉ የሚሰበሩ ሸክላዎች ካሉ ለይተው ያስቀምጡ፤ እነዚያን አልኮል ስለሚያሟሟቸው አልኮል ያለበት ማናቸውም ነገር እንዳይነካቸው። ባለ 45 ዙሮቹን ግን ለመኪና ባትሪ በሚጨመረው አሲድ የሌለበት የተጣራ ውኃ ላይ አንዲት ጠብታ የዕቃ ሳሙና አድርገው፣ በለስላሳ ጨርቅ ድምፁ የተቀረጸበትን ቦይ ዙር ተከትለው ይጥረጉና በዚያው ዓይነት ንጹሕ ውኃ ያለቅልቁ፤ የመሐሉ ወረቀት እንዳይርስ ይጠንቀቁ። የቧንቧ ውኃችን ኖራ ስለሚበዛበት ሲደርቅ ቦዩ ውስጥ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል። የእንግሊዙ ሰው አትንኩ ማለታቸውም ትክክል ነው፤ በደረቅ ጨርቅ የተጠረገ የድሬ አሸዋ ሸክላውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ ይህን የሚያደርጉ ሻጮች ብዙዎች ናቸው።

ከአሜሪካዎቹ መካከል ቀለል ያሉና ድርቅ ያሉ፣ ጠርዛቸውን በጥፍር ሲመቷቸው ሹል ድምፅ የሚሰጡ ካገኙ ስታይሪን ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው ማለት ነው። እነዚህን በአሮጌ መርፌ አንድ ጊዜ እንኳ ማጫወት ድምፃቸውን ለዘለቄታው ሊያሻክረው ስለሚችል፣ የአጎትዎ ማጫወቻ አብሮ ተገኝቶ ከሆነ መርፌው ሳይቀየር አይሞክሩት።

ለአቀማመጥ ደግሞ ከተማችን አትመችም። ፕላስቲኩ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ መላላት ይጀምራል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ይህ ሙቀት በቀላሉ ይደረስበታል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ ቆጥ ላይም አያስቀምጧቸው። ሳይጋደሙና ሳይደራረቡ ቀጥ ብለው ይቁሙ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ የገባባቸውን ሸክላዎች ሲያመጡልኝ እንዳየሁት፣ ውኃው ራሱ ሸክላውን አይጎዳውም፤ የሚያበላሸው ቦዩ ውስጥ የደረቀው ደለል ነው፤ ሽፋኖቹ ግን አይተርፉም።

ፈረስ መጋላ (ሐረር)

ስለ አሜሪካዎቹ የተባለውን ሁሉ እቀበላለሁ። ግምትዎም የሚያስኬድ ነው፤ ዓለማያ ኮሌጅ ሲቋቋም ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራኑን ልኮ ስለነበር በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካውያን በዚያ ይኖሩ ነበር፤ ከ1962 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በየከተማው መጥተዋል።

ለእኛዎቹ ሸክላዎች ግን የጁገል ዳር ሕግ እንዳለ አይሠራም። የአምኃ እሸቴ ኩባንያ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር፤ አምኃ ግን ደፍሮ በመጀመሪያ የዓለማየሁ እሸቴን ሥራ ሕንድ አገር አሳትሞ አስመጣ፤ በኋላም ወደ ሊባኖስ ዞረ። ቀጥሎ የዓሊ አብደላ ካይፋ ኩባንያ ተነሣ። ሁሉም ከአብዮቱ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። እነዚህ ሸክላዎች በየቡና ቤቱ ቀንና ሌሊት ስለተጫወቱ፣ ብርቅ የሚሆነው ያልተሸጠው ሳይሆን ተወዶም ሳይጫር የቀረው ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ዘፈኖቹን እንደገና ካሳተመ ወዲህ የውጭ ሰብሳቢዎች ዋናዎቹን ስለሚፈልጉ፣ ያልተጫረ ቅጂ ካለዎት በጅምላ ለሚገዛ ሰው አይስጡ። ተጠርቶ ከቀረ ዋጋ ይልቅ በእርግጥ የተከፈለውን መመልከት ይገባል፤ ዲስኮግስ በተባለው ገጽ ላይ ያለፉ ሽያጮች ተመዝግበው ይገኛሉ።

በሳጥኑ ውስጥ የዓሊ ቢራ ወይም የሐረሪ ቋንቋ ዘፈኖች ካሉ ደግሞ ከመሸጥዎ በፊት በኮምፒውተር እንዲቀዱ እለምንዎታለሁ። እዚህ ሐረር የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም ከብራና መጻሕፍት ጋር የድምፅ ቅጂዎችንም ያሰባስባል፤ ቢያማክሩት አይከፋም። በመሐሉ ወረቀት ላይ አጎትዎ ስማቸውን በእስክሪብቶ ጽፈው ከሆነም እንዳይፍቁት። የውጭ ሰብሳቢዎች በጽሑፉ ምክንያት ዋጋ ይቀንሳሉ፤ እኔ ግን ሸክላው በማን ቤት፣ በየትኛው ከተማ እንደተደመጠ የሚነግረንን ብቸኛ ማስረጃ ለምን እንደሚጠሉት አይገባኝም።

ጁገል ዳር (ሐረር)

በስሙ ጽሑፍ ላይ አልስማማም። ለዓሊ ቢራ ሸክላ ያሉት እውነት ነው፤ ለዲትሮይቱ ግን ወረቀቱ ራሱ የዋናነቱ ማስረጃ ስለሆነ የተጻፈበት ሁሉ ማስረጃውን ይሸፍናል። መፋቁ ግን ከመጻፉም የባሰ ስለሆነ፣ በዚያ ላይ አንድ ነን።

ለገሀሬ (ድሬዳዋ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሳጥኑን ከቆጡ አውርጄ ሸክላዎቹን አቁሜያቸዋለሁ። በአማርኛዎቹ ላይ የአጎቴ ስም ስላለ እነርሱ ከቤት አይወጡም። ከሁለቱ የአሜሪካ ሸክላዎች አንዱ ነጭ ወረቀት ያለው ሲሆን፣ ለስላሳው ቦታ ላይ ያለው ቁጥር በማሽን የታተመ ሳይሆን በእጅ የተጫረ ይመስላል። አስመስለው ያተሙት ነው ማለት ነው? ርዕሱን እዚህ ልጻፈው?

ጁገል ዳር (ሐረር)

በእጅ የተጫረ መሆኑ ብቻውን ሐሰተኛ አያሰኘውም፤ ትንንሾቹ ኩባንያዎች ብዙ ጊዜ በእጅ ነበር የሚጽፉት። ነጩ ወረቀት ለሬዲዮ ጣቢያዎች የሚላክ የማስተዋወቂያ ቅጂ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ቁጥሩን ከታወቀ ዋና እትም ጋር ሳናመሳክር ለእንግሊዙ ሰው ዋጋ አይጥሩ። ርዕሱን ግን እባክዎ እዚህ አይጻፉት፤ ለእኔ በግል ይላኩልኝ።