እሁድ እሁድ ራሴን ያመኛል፣ ልጄ ደግሞ ሌሊት ታስላለች፤ ቤቱ ይሆን?

ልደታዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ልደታ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ባለ አንድ መኝታ፣ ተከራይ ነን። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ቤቱ አልስማማ ብሎናል። የ5 ዓመት ልጄ ሌሊት ሌሊት ታስላለች፣ ቀን አራት ኪሎ እናቴ ጋ ስትውል ግን ደህና ናት። እኔን ደግሞ እሁድ ከሰዓት በኋላ ራሴን ወጥሮ ይይዘኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ሰኞ ቢሮ ስገባ ጥፍት። ባለቤቴ «ሰኞ ሥራ መግባቱ ነው የሚያምሽ» ብሎ ይቀልዳል። ከታች መንገዱ ሲቆፈር ስለከረመ አቧራውን ፈርቼ መስኮት ከከፈትኩ ቆይቻለሁ። አሁን አንዷ ባልደረባዬ የአየር ማጣሪያ ማሽን ግዢ አለችኝ፣ ዋጋውን ስሰማ ክው አልኩ። እውነት ይጠቅማል? ወይስ አበባ በማሰሮ ባስቀምጥ ይበቃል?

ሲስተር ከፒያሳ፦
እህቴ፣ ማሽኑን ለጊዜው ተዪው። እሁድ ቡና የምታፈዪው በምንድነው?

ልደታዋ፦
በከሰል ነዋ፣ ሳሎን ውስጥ። ዕጣንም እናጨሳለን። በሳምንት አንዴ ነው የምንሰበሰበው፣ አቦል ቶና በረካ እስኪባል ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ግን እኮ ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥዬ ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው የማስገባው።

ሲስተር ከፒያሳ፦
እሱ ነው ሁሉንም የሚያታልለው። የሚታየው ጭስ ያልቃል፣ ከቀላው ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አያልቅም። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ዓይን አያቃጥል። ደማችን ደግሞ ከኦክስጅን ይልቅ እሱን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ድሮም ስስ ነው፣ በዚያ ላይ መስኮት ተዘግቶ፣ ስድስት ሰባት ሰው ተቀምጦ፣ ፍሙ መሃል ላይ! ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ድካም። ሰው ጉንፋን ይመስለዋል ወይም በምግብ ያመካኛል። አንቺ ከቤት ስትወጪ ስለሚለቅሽ ነው የጠረጠርኩት።

ለሌሎቻችሁም ልናገር። በክረምት ለሙቀት ብሎ ከሰል አስገብቶ በሩን ዘግቶ የሚተኛ ሰው በየዓመቱ ወደኛ ይመጣል። የማይደርስም አለ። እንዲህ የሆነ ሰው ስታገኙ መጀመሪያ ወደ ውጭ አየር አውጡት፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ ወይም ባገኛችሁት መኪና ሆስፒታል አድርሱት፣ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው። ወተት አጠጡት፣ ሎሚ አሽትቱት እያላችሁ ጊዜ አትፍጁ።

የጀበና ልጅ፦
አሁን ደግሞ ቡናችን ላይ መጣችሁ? አያቶቻችን በጭስ አድገው 90 ዓመት ኖረዋል ባካችሁ።

ካዛንቺስ ያደገ፦
@የጀበና ልጅ የአያቶቻችን ቤት በጣራውም በግድግዳውም አየር ያስገባ ነበር፣ የአሁኑ ብሎኬትና የብረት መስኮት ነው፣ ጥርቅም ካለ አለቀ። ደግሞ ዝም ብለህ ሁሉም 90 ኖሩ አትበል። የኔ አያት ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራ በእንጨት ስትጋግር ኖራ፣ ዓይኗ እያለቀሰ፣ እያሳለች ነው የሞተችው። «ብርድ ነው» ትል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶና መሰል ነገር ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። ቡና ይቅር ያለ የለም፣ በኤሌክትሪክ ምድጃም ይፈላል እኮ። ቆሎው ሲቆላ ግን ያኔም መስኮት ይከፈት፣ ዕጣኑም ጭስ ነው፣ ቅዱስ ስለሆነ ብቻ ሳንባን አይምርም።

ፊኒሺንግ ሠራተኛ፦
የከሰሉን ሲስተር ጨርሳዋለች። የልጅቷ ሳል ግን በየሌሊቱ ከሆነ እኔ ሌላ ነገር ነው የምጠረጥረው። የምትተኛበት ክፍል ቁም ሳጥን አለ? ከግድግዳው ሳቡትና ጀርባውን እዩት። ክረምት ላይ ልብስ ቤት ውስጥ ይሰጣል፣ የምጣዱ እንፋሎት አለ፣ የሰው ትንፋሽ አለ፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ያ ሁሉ ውሃ ሄዶ ሄዶ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚያ ሻጋታ። አስም ላለበት ልጅ ደግሞ ዋና ጠላት ነው።

ካገኛችሁት ቀለም አትቀቡበት! በየክረምቱ ሰው ይጠራኛል፣ እቀባለሁ፣ ብሬን ተቀብዬ እሄዳለሁ፣ በዓመቱ ያው ግድግዳ ይጠቁርና እንደገና ይጠራኛል (ለኔ ኪስ ጥሩ ነው፣ እውነቱን ለመናገር)። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይፈለግ። ከዚያ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ በሳሙናና ውሃ ፈትጉት፣ በደንብ ይድረቅ። ቁም ሳጥኑንም መልሳችሁ አታጣብቁት፣ አንድ ጭብጥ ያህል ራቅ ይበል። በረኪና ከተጠቀማችሁ ደግሞ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር እንዳትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። አንዴ ሠርቼዋለሁ፣ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያደርኩት ማለት ይቻላል።

ሲስተር ከፒያሳ፦
ስለ ማሽኑ ጠይቀሽ ነበር። ሄፓ ማጣሪያ ያለው ከሆነ አቧራና የጭስ ቅንጣት ይይዛል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አይነካውም። ስለዚህ ፍሙ እዚያው ተቀምጦ ማሽን መግዛት ብር መጣል ነው። አበባውም ለዓይን ነው የሚሆነው፣ አየር እንዲያጠራልሽ ከፈለግሽ ሳሎኑን ጫካ ማድረግ አለብሽ። መስኮቱን መኪና በሚጨናነቅበትና ቁፋሮ ባለበት ሰዓት ዝጊው፣ ዝናብ ሲያባራ ግን አቧራው ስለሚታጠብ የበረንዳውን በርና የኩሽናውን መስኮት ባንዴ ክፈቺና አየሩ ይለፍ፣ 15 ደቂቃም ቢሆን። ወለሉን በደረቁ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ ወልውዪ። ልጅቷንም ለሐኪም አሳዪያት፣ አስም መሆን አለመሆኑ ይታይ።

ልደታዋ፦
ከሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ቁም ሳጥኑን ሳብነው። ኡኡ ነው ያልኩት። ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ ጥቁር፣ ልጄ የምትተኛው ደግሞ እዚያው ጥግ ላይ! ከላይ ቤት ሽንት ቤት ውሃ እየወረደ ነበር ለካ። ለጊዜው ሳሎን አስተኝተናታል፣ ሐኪም ቀጠሮም ይዘናል።

ቡናው እሁድ በረንዳ ላይ ሆነ። እናቴ «ጎረቤት ምን ይላል» ብላ አኮረፈች፣ ጎረቤቶቹ ግን ሽታው ስቧቸው ስኒያቸውን ይዘው መጡ። ራሴን አላመመኝም። አንድ እሁድ ነው፣ ገና እናያለን።

አሁን የቀረው ውሃው ነው። የላይኞቹ «ከኛ አይደለም» ይላሉ፣ አከራያችን «ቀለም ቀቡትና ይለፍ» ይላል።

ፊኒሺንግ ሠራተኛ፦
እንዳትቀቡት!! የላይኞቹ ሽንት ቤት ውሃ ውስጥ የምግብ ቀለም ጨምሩበት፣ እናንተ ግድግዳ ላይ ከወጣ ክርክሩ አለቀ።